ያለ ክርክር የሚሠራ ሕግ

ማናዬ ከእኔ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የሚኖረው። በእስራኤሏ ቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካም የምንሠራው በአንድ ፈረቃ ነበር። ጎንደር ሳለ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። እዚህ መጥቶ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባልዲ የምታወጣ ማሽን ሲጠብቅ ኖረ፤ ስትታፈን ይከፍታታል፣ ያጸዳታል፣ መልሶ ይዘጋታል። አማርሮ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ለሁለታችንም አማርር ነበር።

ይህን የመሰለ ጨዋ ሰው ነው እንግዲህ በአርባ ሰባት ዓመቱ በአሻንጉሊት ታንክ ሲጫወት ያገኘሁት። ቶም የሚባል የፋብሪካችን ቴክኒሻን ካርሜ ጋት አዲስ አፓርታማ ሲገባ ሚስቱ ታንኮቹን ቤቴ አላስገባም ስላለችው ካርቶኑን እንዳለ ለማናዬ ሰጠው። በካርቶኑ ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያካክሉ የብረት ታንኮችና ሦስት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ነበሩ። ቶም እንዳስረዳን ነገሩ የዳማ ዘመድ ነው፤ ገበታው ካርታ፣ ጠጠሮቹ ታንኮች ናቸው። የትኛው ታንክ የትኛውን እንደሚያይ፣ ማን መትቶ ማን እንደሚስት በሕግና በሚወረወር ዳይስ ይወሰናል። ጣጣው ሕጉ አንድ አለመሆኑ ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱን ሕግ ይዟል፤ ስለዚህ ሁለቱ ተጫዋቾች ከመጫወታቸው በፊት በየትኛው እንደሚጫወቱ መስማማት አለባቸው። እኔ ስቄበት ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ማናዬ ግን ካርቶኑን ታቅፎ አውቶቡስ ላይ ወጣ።

የሳቅኩት ያሰበውን ስላላወቅኩ ነው። ማናዬ ደምለው የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው፤ በደርግ ጊዜ ስድስት ዓመት ቲ ሃምሳ አምስት የሚባለውን ታንክ የነዳ ሰው። ወደ እስራኤል የሚመጡ ሰዎች በተመዘገቡበት ወር ደምለው ሁመራ ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዶ ነበር። ማናዬ ተመዘገበና መጣ፣ እሱ ቀረ። ሌላ ዝርዝር ይወጣል ተባለ። ደምለውና ሚስቱ ታይቱ ጎንደር ከተማ በኪራይ ቤት ሻንጣቸውን አስረው አሥራ አንድ ዓመት ጠበቁ። አንድ ጊዜ ተፈቀደ ይባላል፣ ከወር በኋላ ደግሞ ቆመ ይባላል። በመጨረሻ ደምለው ከአልጋ መነሣት ተወ፤ ስልክም አላነሣ አለ። ማናዬ አርብ አርብ ጠዋት ሲደውል ታይቱ ታነሣና «ተኝቷል» ትለዋለች። አራት ወር ሙሉ ተኝቷል።

«ሺሞን፣ ወንድሜ በቁሙ እየጠፋብኝ ነው» አለኝ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ። ጨው አቀብለኝ አልኩት።

ካርቶኑን ያገኘ ሳምንት አርብ ጠዋት እቤቱ ነበርኩ። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ደወለ፤ ታይቱም እንደ ልማዷ ተኝቷል አለች።

«እንግዲያው ጆሮው ሥር ሄደሽ ንገሪልኝ» አላት። «ማናዬ አንዲት ቲ ሃምሳ አምስት ይዟል፣ ጥፍር ታክላለች፣ ምንም አልጎደላትም በይልኝ።»

አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ፤ ሳልም ተከተለ። አንድ የሻከረ ድምፅ መጣ።

«የሹፌሩ መግቢያ በየት በኩል ነው?»

«በግራ፣ አያ።»

«በቀኝ ብለኸኝ ቢሆን ስልኩን እዘጋብህ ነበር» አለ ደምለው። ማናዬ ተቀምጦ ነበር፤ ተነሣና ቆሞ አለቀሰ። እኔ ከአልጋ ያስነሣው አሻንጉሊት ታንክ መሆኑ በሆዴ ገረመኝ።

ዘመድ ሊጠይቅ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ተገኘና የታንኮቹ ግማሽ በካልሲ ተጠቅልሎ ተላከ። በሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት ካርታ በደብተር ወረቀት ላይ ተሣለ፤ ካሬዎቹ በፊደልና በቁጥር ተለዩ። እዚህ አንድ ታንክ ከሐ ሰባት ወደ ሐ ዘጠኝ ሲሄድ፣ እዚያም ታይቱ የደምለውን እጅ ተክታ ታንቀሳቅሰዋለች፤ የእሱ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበርና። አሁን የቀረው ሕግ መምረጥ ነው። ለማናዬ ይህ ቀልድ አልነበረም። ሕጉ የማይሠራ ከሆነ ደምለው ተመልሶ እንደሚተኛ እሱም እኔም አውቀን ነበር።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ትራስ ይሆናል። አንድ ጥይት ለመተኮስ ርቀቱ፣ የብረቱ ውፍረት፣ የተመታበት ጎን፣ የጥይቱ ዓይነት፣ ሁሉም በየሰንጠረዡ ተፈልጎ ይደመራል፣ ይቀነሳል። ማናዬ እየተረጎመ ሲያነብ፣ ደምለው ሲጠይቅ፣ ጥይቷ ከመድረሷ በፊት የስልክ ካርዱ አለቀ። በሚቀጥለው አርብ ደምለው «እኔ በነበርኩበት ጦርነት ይህን ያህል ጊዜ የሰጠን ጠላት አልነበረም» አለ።

ሁለተኛው አራት ገጽ ብቻ ነው። ዳይሱ ላይ አራትና ከዚያ በላይ ከወጣ የተተኮሰበት ታንክ ተቃጠለ፤ በቃ። ጨዋታው በሃያ ደቂቃ አለቀ፣ ማናዬም አሸነፈ። ደምለው ግን «አቧራ የለውም፣ ፍርሃት የለውም፣ ይህ የዶሮ ጠብ ነው» ብሎ ዘጋ። በሚቀጥለው አርብ ታይቱ አነሣችና «ተኝቷል» አለች። ያን ሳምንት ማናዬ ማሽኑ ላይ ቆሞ የሚሠራውን አያውቅም ነበር፤ ባልዲዎቹ ጆሮ ሳይኖራቸው ወጡ፣ የፈረቃ አለቃው በእሱ ላይ ጮኸ።

ሦስተኛው መካከለኛ ነበር። እያንዳንዱ ወገን ለታንኮቹ የሚሰጠውን ትእዛዝ አስቀድሞ ይጽፍና ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይገልጡታል። ለስልክ የተፈጠረ ነው። ማናዬ ቁጭ ብሎ ሃያ ሁለት ሕግ በአማርኛ በአንድ ደብተር ላይ ገለበጠ፤ በዚያ በሚያምር የአስተማሪ ጽሕፈቱ። ፎቶ አንሥቶ ለታይቱ ስልክ ላከው። ያኔ ነው እንግዲህ ጉዱ የጀመረው።

ደምለው ከሃያ ሁለቱ ሕግ አንዱንም ዝም ብሎ አላሳለፈም። በደረቅ መሬት የሮጠ ታንክ አቧራው ከሩቅ ያሳብቅበታል፣ እሱ ግን በአቧራው ራሱ ታውሮ ምንም አያይም፤ ይጻፍ። የቆመ ታንክ ሞተሩ ከጠፋ ቶሎ አይነሣም፤ ይጻፍ። ሁሉም ታንክ ሬድዮ አለው የሚለው ውሸት ነው፤ ይሰረዝ። አርብ አርብ ጠዋት የማናዬ ጩኸት በጣራዬ በኩል ይመጣብኝ ነበር። «አያ፣ እንደሱ ከሆነማ ጨዋታው አይሄድም!» ይላል። ሚስቱ አያለች ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ፊቷ በርቶ «ዛሬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቁ፣ ተመስገን» ትለኛለች። ደምለው መብላት ጀመረ፤ ጢሙን ተላጨ። ታይቱ ነበረች የነገረችን።

ከሁሉ የከፋው ክርክር በሕግ አሥራ ሰባት ላይ ነበር። መጽሐፉ ፈርተው ታንካቸውን ጥለው የወረዱ ሰዎች እንደ ሞቱ ይቆጠሩ፣ ከካርታው ይነሡ ይላል። ደምለው እምቢ አለ።

«ከታንክ የወረደ ሁሉ አልሞተም። በእግሩ የሚሄድ አለ። ለብቻው ቁጠረው።»

«እስከ መቼ ልቁጠረው፣ አያ? እንዲህ ከሆነ እኮ ጨዋታው አያልቅም።»

«ማለቅ አለበት እንዴ?» አለ ደምለው።

ማናዬ አስታረቀው፤ ሦስት ዙር ድረስ ለብቻቸው ይቆጠሩ፣ ከዚያ ይነሡ ብሎ ጻፈ። ለእኔ ግን «አንድ ጨዋታ እንኳ ሳንጣላ ብንጨርስ ምን ነበረበት» አለኝ። አስተማሪ ነው፣ ያለ ክርክር የሚሠራ ሕግ ያምረዋል። በየቀኑ በዕረፍት ሰዓት መልእክት እየተላላኩ፣ የደምለውን ታይቱ እየጻፈችለት፣ በየአርቡ እየተጨቃጨቁ ክረምቱ አለፈ።

በየካቲት ሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ፋብሪካ ሳለሁ የታይቱ ወንድም ከጎንደር ደወለልኝ። ደምለው ሦስት ቀን አተኩሶት ሞቷል፤ ተቀብሯል። ለእኔ የተደወለው ባለ ሐዘኑ እኔ ስላልሆንኩ ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ ለሰውየው በቀጥታ አይነገርም። ለጎረቤት ይነገራል፣ ጎረቤት ሽማግሌ ይጠራል፣ ሽማግሌዎቹ ቀን ይመርጡና ማለዳ ቤቱ ሄደው ይነግሩታል። እስከዚያ ሁሉም ሰው እያወቀ አብሮት ይስቃል። ማናዬ ከእኔ አምስት እርምጃ ርቆ ማሽኑን እያጸዳ ነበር። ማን ነው ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ፤ ከባንክ ነው አልኩት።

አመሻሹ ላይ አባ መንግስቱ የሚባሉት የሰፈራችን ሽማግሌና አያለች እኔ ቤት ተሰበሰቡ። አያለች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነበር የምታለቅሰው፤ ባሏ ከጣራው በላይ ነውና እንዳይሰማት።

«ለልቡ ቶር የተሰጠው መቼ ነው?» አሉ አባ መንግስቱ። የማናዬ የልቡ ሥር ጠቦ ኖሮ ሐኪሞቹ በቀጭን ቱቦ ሊከፍቱለት ቀጠሮ፣ እዚህ ቶር የሚባለውን፣ ሰጥተውት ነበር።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው እሱ ይለፍ። ከዚያ በፊት ብንነግረው እኛ ነን የገደልነው።»

«ግን እኮ አርብ ይደውላል» አለች አያለች። «በየቀኑም ይጻጻፋሉ። እነ ታይቱ ምን ይበሉት?»

ይህን ጊዜ ነው አፌን የከፈትኩት። ማንም አላስገደደኝም። «ታይቱ ጨዋታውን ታውቀዋለች» አልኩ። «ታንኮቹን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት፣ መልእክቱንም የምትጽፈው እሷ ናት። ጉሮሮውን ታሞ መናገር አይችልም ትበልና በጽሑፍ ትቀጥል።»

አባ መንግስቱ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «አንተ ብልህ ነህ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ሰው ሞቶ እኔ ብልህ በመባሌ ደስ አለኝ፤ ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ለታይቱ የደወልኩላት እኔ ነኝ። ከበስተኋላዋ የለቅሶ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። የምንፈልገውን ነገርኳት።

«ሺሞን፣ እኔ ምን ብዬ እጽፋለሁ? እሱ እኮ ዝም ብሎ አይጽፍም፣ ይከራከራል።»

«እሺ በይው» አልኳት። «የሚልሽን ሁሉ እሺ በይው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳስበው አፍራለሁ። ቶሩ ሁለት ሳምንት ተገፋ፤ እኛም መርዶውን አብረን ገፋነው። ታይቱ በየቀኑ ትእዛዙን ጻፈች። ማናዬ አቧራው አይቆጠርም ካለ እሺ፣ ጥይትህ ሳተ ካለ እሺ። አንድ ቀን በሻይ ዕረፍት ላይ ክንዴን ያዘኝ። እንዲያ ፈክቶ አይቼው አላውቅም።

«ተገኘ፣ ሺሞን! ሕጉ ተገኘ። ሳምንት ሙሉ አንድ ቅሬታ የለም። ስንት ወር ለፍተን አሁን ሠራ። ጉሮሮው ይሻለው እንጂ ይህን ጨዋታ እንጨርሰዋለን።»

«ጥሩ ነው» አልኩት። ሄጄ ሽንት ቤት ገባሁና ውሃ ከፍቼ ቆምኩ።

ደስታው ከሳምንት አላለፈም። ቀስ በቀስ ዝም አለ። ሦስተኛው አርብ ላይ ቤቱ ስገባ ካርታው ፊት ተቀምጦ ስልኩን ይመለከታል። መልእክት ልኮ ነበር፤ አነበበልኝ። «የአምስት ቁጥር ታንክህ ሹፌር የሚቀመጠው በቀኝ ስለሆነ በግራ በኩል የመጣሁትን አላየኝም፤ ተመትተሃል» ይላል። ትንሽ ቆይቶ መልሱ መጣ። «እሺ፣ ይሁን።»

ማናዬ ስልኩን በግንባሩ ደፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሺሞን፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?» አለኝ።

«ምን ነገር?» አልኩት። እንደ ሕፃን ዓይኔን አፍጥጬ።

«ምንም። ተወው» አለና ለታይቱ የሚቀጥለውን ትእዛዝ መጻፍ ጀመረ። ከዚያም በኋላ በየቀኑ ይጽፍላት ነበር። አንድም ቀን አላቋረጠም።

የልቡ ነገር በሰላም አለፈ። ሐኪሙ አንድ ሳምንት ይረፍ ስላለ አንድ ሳምንት ጨመርን። ከዚያ አንድ ረቡዕ ማለዳ አባ መንግስቱ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ ደረጃውን ወጣን። በሩን ሳናንኳኳ ከፈተው። ለብሷል፤ እግሩ ግን ባዶ ነው። ፍራሹ እንደ ለቅሶ ቤት ወለል ላይ ወርዶ ነበር። አባ መንግስቱ ያዘጋጁትን ንግግር ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይግቡ፣ አባ» አላቸው። «ቀኑን ብቻ ይንገሩኝ።»

አባ መንግስቱ ወደ እኔ ዞሩ። ቀኑን እኔ ተናገርኩ። ማናዬ ደብተሩን አመጣና ገጹን በጣቱ እየተከተለ ወደ ኋላ ሄደ። መልእክቶቹን ሁሉ ከነቀናቸው ገልብጧቸው ኖሯል። አንድ መስመር ላይ ቆመና ጮክ ብሎ አነበበ። «ሕግ አሥራ ሰባት አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ አርብ ስትደውል እነግርሃለሁ።»

«አያ ማለት እዚህ ድረስ ነው» አለ። «ከዚህ በኋላ ያለው ታይቱ ናት።» ከዚህ በኋላ ያለው ሁለት ገጽ ሙሉ እሺ፣ እሺ፣ እሺ ነበር።

አያለች ጮኸች። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ማናዬ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። የሰባቱን ቀን ለቅሶ ለማሰናዳት አባ መንግስቱ ለምኩራባችን ራቢ ደወሉ። ራቢው መቼ እንደ ሞተ ጠየቀ። ሠላሳ ስድስት ቀኑ ነው አሉት። መልሱን ሲሰሙ ስልኩ ከእጃቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ለካ ሌላ ሕግ አለ። ሞት በሠላሳ ቀን ውስጥ ከተሰማ ሰባት ቀን ይቀመጡለታል፤ ሠላሳ ቀን ካለፈው ግን የሚቀመጡለት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። እኛ ከጎንደር ይዘነው የመጣነውን ልማድ እንጂ ይህን ማናችንም አላሰብነውም። ለልቡ ስንሳሳ የወንድሙን ለቅሶ በላንበት።

«አንድ ሰዓት» አለ ማናዬ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ። «እሺ።»

አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። «መቼ ነው ያወቅከው?» አልኩት በዝግታ።

«ሹፌሩ በቀኝ ነው ያልኳት ቀን። ቆጥሬዋለሁ፣ አሥራ ሰባተኛው ቀን ነበር። ያን ቀን ጠየቅኩህ እኮ።»

«ለምን ታዲያ ዝም አልክ? ለምንስ መጫወቱን ቀጠልክ?»

«እናንተ ካልነገራችሁኝ በግምት እንዴት ለቅሶ እቀመጣለሁ? እኔ ባቆም ደግሞ እሷ ምን ታድርግ? አውቄያለሁ ብላት በስልክ ሁለተኛ ልትቀብረው ነው።» ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ አላነሣም። «እኔንስ አታለላችሁኝ፣ ግድ የለም። እሷን ግን ባሏን ቀብራ ስትመለስ ባሏን ሁኚ አላችኋት። ማን ነው ያላት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ በወደድኩ። ሰዓቱ ሲሞላ ራሱ ተነሣና ጫማውን አደረገ፤ በማግስቱም ፈረቃ ገባ። ጥፍር የሚያካክሉት ታንኮች ካርታው ላይ እንዳሉ ቀሩ።

ከአንድ ወር በኋላ አንድ አርብ ጠዋት ወደ ላይ ወጣሁ። ሌሊቱን ሳሰላስለው ነበር ያደርኩት። አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ደብተሩን ወደ እኔ ሳብኩ፣ ገጹን ገለጥኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ «ይህ ሕግ አሥራ ሰባት አይሠራም» አልኩት።

ማናዬ ቀና አለ። ከዚያች የሻይ ዕረፍት ወዲህ እንዲያ ያለ ፊት አላየሁበትም። ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«ለምን?» አለኝ።

ታንክ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ደምለው ያን አርብ ምን ሊለው እንደነበር ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ማናዬ ጥቂት ጠበቀኝ።

«እሺ» አለና ደብተሩን ዘጋው።